ሻጋታ የያዘው ሸክላ

ጥያቄ፦ ያረጁ የጃዝና የክላሲካል ሸክላዎች አሉኝ። ከክረምቱ ወዲህ ነጭ ሻጋታ ያዛቸው፣ ሲጫወቱም ይንጫጫሉ። በምን ላጽዳቸው?
አንባቢ፣ ከጅማ

መልስ፦ የጅማ ዝናብና እርጥበት ለሸክላ አይመችም። በመጀመሪያ ሻጋታውን ከቤት ውጭ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ። ከዚያ 3 እጅ የተጣራ (ዲስትልድ) ውሃ ከ1 እጅ አይሶፕሮፒል አልኮል ጋር ይቀላቅሉ፤ አንድ ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይበቃል። ማይክሮፋይበር ጨርቅ አርጥበው የመስመሩን ዙሪያ ተከትለው ይጥረጉ እንጂ መስመሩን አያቋርጡ። መሃሉ ላይ ያለው ወረቀት እንዳይረጥብ ይጠንቀቁ። በተጣራ ውሃ ብቻ ደግመው ይጥረጉና አቁመው ያድርቁ። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ማዕድን ስለሚተው መንጫጫቱን ያባብሰዋል። የሻገተውን የውስጥ ወረቀት ይጣሉት፤ ካልጣሉት ሻጋታው ይመለሳል።

በጣም አደራ፦ በደቂቃ 78 የሚዞሩት አሮጌ ሸክላዎች አልኮል እንዳይነካቸው! የተሠሩበትን ሼላክ ያሟሟዋል።

ጸድቶም ድምፁ ከሻከረ መርፌውን ይዩ። ሸክላውን የሚጫንበት ክብደት አብዛኛውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 2 ግራም ነው፤ ትክክለኛውን ከመርፌው አምራች መመሪያ ይውሰዱ። ሲቀል ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ስህተት ነው፤ የቀለለ መርፌ እየዘለለ መስመሩን ይፍቃል። ሻካራነቱ ወደ ሸክላው መሃል ብቻ ከሆነ ግን እዚያ መስመሩ ከመርፌው ሥር የሚያልፈው በዝግታ ስለሆነ ነው። የሲምፎኒ ማሳረጊያ ላይ ጎልቶ የሚሰማውም ለዚህ ነው።

ለመፈተኛ የከተማዎን ተወላጅ የሙላቱ አስታጥቄን ቪብራፎን ያጫውቱበት። የተበላ መርፌ የዚያን መሣሪያ ረጅም ንዝረት ወዲያው ያሻክረዋል።