ያጣው የማይመለስለት ጀግና፦ ስለ ጨለማና ያልተለመዱ አክሽን ማንጋዎች ጥያቄና መልስ

ጨለማ የሚባሉትን አክሽን ማንጋዎች፣ ማለትም ፍልሚያ የሞላባቸውን የጃፓን የሥዕል ታሪኮች፣ ለብዙ ዓመታት ሳነብ ቆይቻለሁ፤ ከአንባቢያን የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። የአንዳንድ ታሪኮችን ምሥጢር መግለጤ ስለማይቀር፣ «በርሰርክ»ን እና «ቼይንሶው ማን»ን ገና ያልጀመረ አንባቢ ስማቸው የተነሣባቸውን መልሶች ቢዘል ቅር አይለኝም።

ጥያቄ፦ አንድን አክሽን ማንጋ «ጨለማ» የሚያሰኘው ምንድን ነው? የሚፈሰው ደም ብዛት ነው?

መልስ፦ በእኔ አመለካከት አይደለም። ደምን ዐይን ቶሎ ይለምደዋል፤ ከአሥር ምዕራፍ በኋላ ማንንም አያስደነግጥም። የእኔ መለኪያ በአንድ ፍልሚያ የጠፋ ነገር በሚቀጥሉት ምዕራፎች ጠፍቶ መቅረቱ ነው። በብዙ የፍልሚያ ታሪኮች ጀግናው አጥንቱ ደቅቆ ይወድቅና ከጥቂት ገጾች በኋላ ምንም እንዳልነካው ሆኖ ይነሣል። ኬንታሮ ሚዩራ በ1989 በጀመረው «በርሰርክ» ግን ጀግናው ጋትስ ግራ ክንዱንና ቀኝ ዐይኑን ካጣ በኋላ ያጣው አይመለስለትም፤ በክንዱ ፋንታ መድፍ የተሸሸገበት የብረት እጅ ያጠልቃል፣ አንገቱ ላይ የታተመው ምልክት ደግሞ ሌሊት ሌሊት ክፉ መናፍስትን ስለሚስብበት እንደማንኛውም ሰው ተኝቶ ማደር አይችልም። ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ጉዞና ውጊያ ሁሉ ከዚህ ጉድለት ይመነጫል።

የታሪኩ አደራደርም ልብ ሊባል ይገባዋል። ሚዩራ መጀመሪያ ያሳየን ክንድም ዐይንም የሌለውን፣ በቂም የተመረዘውን ሰው ነው። ከ3ኛው ቅጽ ማብቂያ ጀምሮ እስከ 14ኛው ድረስ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ይህ ሰው በአንድ ወቅት ጓዶች እንደነበሩትና ይስቅ እንደነበር ይተርክልናል። ፍጻሜውን ስለምናውቅ የድሉን ገጾች እንኳ የምናነበው እየፈራን ነው፤ በኋላ የሚከዳቸው መሪያቸው ግሪፊዝ በፈገገ ቁጥር ሆዳችን ይረበሻል። ለእኔ ጨለማ ማለት ይህ ፍርሃት ነው።

ጥያቄ፦ ጨለማ የሆነ ማንጋ ሁሉ «ሴይነን» ነው ሲባል እሰማለሁ። ትክክል ነው?

መልስ፦ ትክክል አይደለም። «ሾነን» እና «ሴይነን» መጽሔቱ ያሰበውን አንባቢ፣ ማለትም ታዳጊ ወንድ ልጆችን ወይም ጎልማሶችን፣ የሚያመለክቱ ስሞች እንጂ የይዘት ዓይነቶች አይደሉም። ዓለም በሰይጣናት እጅ የምትጠፋበት የጎ ናጋይ «ዴቪልማን» ከ1972 እስከ 1973 የታተመው በሾነን መጽሔት ላይ ነበር።

ጥያቄ፦ «ቼይንሶው ማን» ለምን ይህን ያህል እንደተወደደ ሊገባኝ አልቻለም። ዴንጂ ዓላማ የለውም፤ ከምግብና ከሴት በቀር የሚያስበው ነገር የለም። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ጀግና ይሆናል?

መልስ፦ ጥያቄዎ መልሱን በውስጡ ይዟል። የታትሱኪ ፉጂሞቶ ሥራ የመጀመሪያ ክፍል ከ2018 ታኅሣሥ እስከ 2020 ታኅሣሥ በ97 ምዕራፎች የወጣው በሳምንታዊው «ሾነን ጃምፕ» ላይ ነው። ይህ መጽሔት «ወዳጅነት፣ ጥረት፣ ድል» በሚሉ ሦስት ቃላት የሚታወቅ፣ በ1995 መጀመሪያ ላይ አንድ እትሙ 6.53 ሚሊዮን ቅጂ ድረስ የታተመ ነው። በዚያ ቤት ያደገ አንባቢ ጀግና ሲባል የዓለም አንደኛ ለመሆን የማለ ልጅ ይጠብቃል። ፉጂሞቶ ግን የአባቱን ዕዳ ለወንበዴዎች ሲከፍል ያደገና ማርማላታ የተቀባ ዳቦ መብላት የሕልሙ ጣሪያ የሆነበትን ልጅ አመጣ። ዴንጂ ዓላማ የሌለው የሚመስለን ዓላማ ራሱ የጠገበ ሰው ነገር መሆኑን ስለምንረሳ ነው። ትንሹ ምኞቱ ሲሟላለት ደስ ይለዋል፣ ደስታው ደግሞ በሌሎች እጅ መቆጣጠሪያ ይሆናል፤ ታሪኩ የሚያስፈራው እዚህ ላይ ነው።

በአሣሣል ረገድም ፉጂሞቶ የተለመደውን ይጥሳል። አንድ ገጸ ባሕርይ ከመሞቱ በፊት ረዥም ትዝታና ንግግር መስጠት የዘርፉ ልማድ ሆኖ ሳለ፣ እርሱ ሰዎችን ምግብ እየበሉ ሳለ ያለ ማስጠንቀቂያ ይገድላል። በዴንጂና ሰውነቱን ሰይጣን በወሰደበት ባልደረባው በአኪ መካከል የሆነውን የመጨረሻ ውጊያ ያስታውሱ፦ አኪ በአእምሮው የሚያየው በልጅነቱ በበረዶ ኳስ ሲጫወት ነው፣ ከውጭ ግን ከተማ እየፈረሰ ነው። የልጆች ጨዋታና ዕልቂት ገጽ ለገጽ ሲፈራረቁ ከማንኛውም የተቆረጠ አካል ይልቅ ያማል። ይህን ምዕራፍ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አራተኛ ጊዜ የማነበው አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ጀግናው የማይሞት ከሆነስ? እርስዎ ያስቀመጡት መለኪያ እዚያ ላይ አይፈርስም?

መልስ፦ ጥሩ አድርገው ያዙኝ። የማይሞት ጀግና ባለበት ታሪክ ውስጥ የአካል ጉዳት ትርጉም ያጣል፤ ስለዚህ ብልህ ሠዓሊ ኪሣራውን ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። በሂሮአኪ ሳሙራ «ብሌድ ኦፍ ዚ ኢሞርታል» (ከ1993 እስከ 2012፣ 30 ቅጾች) ማንጂ የተቆረጠ እጁ ተመልሶ ይጋጠምለታል፤ የወላጆቿን ደም ለመበቀል የቀጠረችው ሪን ግን አንድ ሰይፍ ይበቃታል፤ በቀል ምን እንደሚያስከፍል የምናየውም በእርሷ በኩል ነው። ፉጂሞቶ ደግሞ ከ2016 እስከ 2018 በጻፈው «ፋየር ፓንች» አለመሞትን ራሱን ቅጣት አደረገው፦ የጀግናው የአግኒ ሰውነት ያለማቋረጥ ይታደሳል፣ የያዘው እሳት ደግሞ የያዘውን ጨርሶ ሳያቃጥል አይጠፋም፤ ስለዚህ እየነደደ ይኖራል። መለኪያዬ ስለ አካል ብቻ ቢሆን ኖሮ በእርግጥ ይፈርስ ነበር።

ጥያቄ፦ «ዶሮሄዶሮ» ጭንቅላት የሚቆረጥበት ታሪክ ሆኖ ሳለ ያስቀኛል። ችግር አለብኝ?

መልስ፦ የለብዎትም፤ ሠዓሊዋ ኪው ሃያሺዳ እንዲስቁ ፈልጋ ነው። ከ2000 እስከ 2018 በ23 ቅጾች የዘለቀው ይህ ታሪክ የእንሽላሊት ጭንቅላት ያለውና ማን እንደነበረ የማያስታውስ ካይማን የተባለ ሰው፣ ምሥጢሩን ለማወቅ የጠንቋዮችን ጭንቅላት በአፉ እየጎረሰ ሲመረምር ያሳየናል። ጠንቋዮቹ ድሆቹን ሰዎች እንደ መለማመጃ ዕቃ የሚቆጥሩ ጨካኞች ናቸው፤ ወደ እነርሱ ቤት ስንገባ ግን እንደ ሺንና ኖይ ያሉ እርስ በርስ የሚዋደዱ፣ አብረው የሚበሉና የሚቀላለዱ ባልደረቦችን እናገኛለን። ሃያሺዳ ለሁለቱም ወገን እኩል ሙቀት በመስጠቷ፣ ሲፋለሙ የማንን ሽንፈት እንደምንመኝ ግራ ይገባናል። ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይህን ሥራ ነው፤ ስለዚህ ፍርዴን በጥርጣሬ ይመልከቱት።

ጥያቄ፦ «ብላም»ን ጀምሬ ተውኩት። በብዙ ገጾች ላይ አንድም ቃል የለም፤ ምን እየሆነ እንዳለም አይገባም።

መልስ፦ ትሱቶሙ ኒሄይ ማንጋ ከመጀመሩ በፊት በግንባታ ሥራ ያለፈ ሰው ነው፤ ከ1997 እስከ 2003 በወጣው በዚህ ሥራ ውስጥም ዋናው ተናጋሪ ሕንፃው ነው። ከተማዋ ከሰው ቁጥጥር ውጭ ሆና ያለ ገደብ ታድጋለች፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ኪሊ ደግሞ ከተማዋን መልሶ ለመቆጣጠር የሚያስችለውን የዘር ቅንጣት የተሸከመ ሰው ፍለጋ ይሄዳል። ቃላቱን ትተው መጠኑን ይከተሉ፦ ሰውየው በገጹ ላይ ከነጥብ የማይበልጥባቸው ሥዕሎች ላይ ቆም ይበሉ፣ መሣሪያው ሲተኮስ የተበሳው ግድግዳ የት ድረስ እንደሚዘልቅ ይመልከቱ። ዝምታው ከተረበሸ ፍርሃቱም ይጠፋል። አሁንም ካልጣመዎ ግን ይተዉት፤ ግዴታ አይደለም።

ጥያቄ፦ እነዚህ ሥራዎች በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃትን ለማስደንገጫ አይጠቀሙበትም?

መልስ፦ ብዙዎቹ ይጠቀሙበታል፤ ወቀሳውም ተገቢ ነው። በጣም የማከብረው «በርሰርክ» እንኳ ከዚህ አያመልጥም። ካስካ የጋትስ ጓድና የጦር አዛዥ ነበረች፤ ከደረሰባት ጥቃት በኋላ ግን አእምሮዋን አጥታ፣ እስከ 2018 ድረስ በሕትመት ዘመን ሲቆጠር ሃያ ዓመት ለሚያህል ጊዜ የምትጠበቅና የምትመራ ሆና ቆየች። የእርሷ ሥቃይ በአብዛኛው የጋትስን ቁጣ ማቀጣጠያ ሆኗል። ጋትስ ያጣው ነገር ምን እንዳደረገው በየገጹ ሲመረመር የእርሷ ግን ለረዥም ጊዜ ተዘግቶ መቆየቱ፣ ቀደም ብዬ ባስቀመጥኩት መለኪያ ሲለካም ጉድለት ነው።

ጥያቄ፦ ሚዩራ ካረፈ በኋላ የሚወጣው «በርሰርክ» እውነተኛው ነው?

መልስ፦ ሚዩራ በግንቦት 2021 ካረፈ በኋላ ረዳቶቹ የነበሩት የስቱዲዮ ጋጋ ሠዓሊያን በሰኔ 2022 ሥራውን ቀጠሉት፤ የሚመራቸውም የሚዩራ የልጅነት ወዳጅ ኮውጂ ሞሪ ነው፣ የታሪኩን ፍጻሜ ከራሱ ከሚዩራ አፍ ሰምቷል። መስመሩ በጣም ይቀርባል፤ የገጽ ፍጥነቱ ግን የሚዩራ አይደለም። እኔ የማነበው ወዳጅ የወዳጁን አደራ ሲወጣ እንደማየት ቆጥሬ ነው።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ የትኛውን ይመክራሉ?

መልስ፦ መሳቅ ለሚወድ «ዶሮሄዶሮ»ን፣ ፈጣን ታሪክ ለሚሻ የ«ቼይንሶው ማን»ን የመጀመሪያ 11 ቅጾች እመክራለሁ። «በርሰርክ»ን የሚጀምር ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅጾች አይቶ ጋትስን ቢጠላው አያቋርጥ፤ በዚያ ሰዓት እንዲጠላው ነው የታሰበው።