መልስ፦ በእንግሊዝኛ «ተርን ኢት ኦፍ» (አጥፋው) ከተባለ «ሉክ ኢት አፍተር» (ተንከባከበው ለማለት) ለምን አይባልም?

ሁለቱም ከግስና ከሌላ አጭር ቃል የተጣመሩ ግሶች ናቸው። ሁለቱም ተሻጋሪ ናቸው፤ ተሳቢ (ድርጊቱ የሚያርፍበት ቃል) ይፈልጋሉ። ልዩነቱ ሁለተኛው ቃል ላይ ነው። «አፍተር» መስተዋድድ ስለሆነ ተሳቢው ምንጊዜም ከኋላው ይመጣል፦ «ሉክ አፍተር ኢት»። «ኦፍ» ግን እዚህ ተውሳከ ግስ ነው፤ ከግሱ መላቀቅ ይችላል። «ተርን ኦፍ ዘ ላይት» ብትል ትክክል፣ «ተርን ዘ ላይት ኦፍ» ብትልም ትክክል። ተሳቢው ተውላጠ ስም ሲሆን ግን ምርጫ የለህም፣ መሀል ይገባል።

ኢተሻጋሪዎቹ ላይ ይሄ ጣጣ የለም፤ ተሳቢ የላቸውማ። እኛን የሚያስቸግረን ሌላ ነገር ነው። አማርኛ «አደገ»ን «አሳደገ» ብሎ በምዕላድ (ቃሉ ላይ በሚጨመር ቅጥያ) ያሻግረዋል። እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ግሱን ራሱን ይቀይራል፦ ልጁ «ግሪው አፕ»፣ እናቱ ግን «ብሮት ሂም አፕ»። «ሺ ግሪው ሂም አፕ» አይባልም። ይህን ስህተት በጣም ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

አንዳንዱ ደግሞ ሁለቱንም ይሆናል። አውሮፕላን «ቴክስ ኦፍ» ሲባል ተነሳ ነው፣ ተሳቢ የለም። ጫማህን «ቴክ ኦፍ» ስታደርግ ግን አወለቅከው፤ ተሻጋሪ ሆነ።

መዝገበ ቃላት ስታይ «ሳምቲንግ» (በተሳቢው ቦታ የሚጻፈው ቃል) የቱ ጋ እንደተቀመጠ ልብ በል። መሀል ከገባ ግሱ ይከፈላል።