ለሠርግ ብሎ መሐላውን እንዳያስተላልፍ!

እህቴ፣ ባለቤትሽ የአሜሪካ ዜግነት ኢንተርቪውን አልፎ ለዜግነት መሐላው ቀጠሮ ተሰጥቶታል፤ አዲስ አበባ ሠርግ ስላለበት ግን ቀጠሮውን ላስቀይር ይላል። ልጃችሁ 17 ዓመት ከ10 ወር ሆኗታል። እሷስ ዜጋ ስትሆን «በትውልድ» ነው ወይስ «ናቹራላይዝድ» (ከተወለደች በኋላ ዜግነት ያገኘች) የምትባለው ነው ጥያቄሽ።

1. መሐላው ይቅደም። 18 ያልሞላት፣ ግሪን ካርድ ይዛ አሜሪካ ውስጥ ከአባቷ ጋር በእሱ አሳዳጊነት የምትኖር ልጅ እሱ ዜጋ በሆነበት ቅጽበት እሷም ዜጋ ናት፤ ፎርም የለ፣ ፈተና የለ። ሕጉ ከፌብሩዋሪ 27 ቀን 2001 ጀምሮ ይሠራል። ዜጋ የሚያደርገው ግን ኢንተርቪው ማለፍ ሳይሆን ቀኝ እጅ አንስቶ መማል ነው። 18 በሞላች ማግስት ቢምል አይደርሳትም፤ በግሪን ካርድ 5 ዓመቷን ቆጥራ ኤን-400 (የዜግነት ማመልከቻ ፎርሙን) ራሷ ትሞላለች።

ልደቷን ከግሪን ካርዱ ላይ እዪ። ነሐሴ 12 ማለት ኦገስት 18 ነው፤ የልደት ሰርተፍኬቱን የተረጎመው ሰው «ኦገስት 12» ብሎት ከሆነ ስድስት ቀን ተበልቶባችኋል። የሚታየው ደግሞ የተጻፈው ነው።

2. ማስረጃው። «ኤን-400 ሙሉላት» የሚሏችሁን አትስሙ፣ ከ18 በታች አይቀበሉም። ፓስፖርት አውጡላት፦ ዲኤስ-11 (የፓስፖርት ማመልከቻ ፎርም)፣ የአባቷ የዜግነት ሰርተፍኬት ኦሪጅናሉ፣ ግሪን ካርዷ፣ የልደት ሰርተፍኬቷ ከትርጉሙ ጋር፣ አብረው እንደሚኖሩ የሚያሳይ የትምህርት ቤት ወረቀት። መስኮት ላይ «የራሷ ሰርተፍኬት የታለ?» የሚል አይጠፋም (ሕጉን ሳያውቅ ሰው የሚመልስ ሞልቷል)። በአባቷ በኩል ዜጋ እንደሆነች አስረዱ እንጂ ተመልሳችሁ እንዳትሄዱ። ኤን-600 (የራሷን የዜግነት ሰርተፍኬት ማውጫ ፎርም) ውድ ነው፣ ይቆያልም፤ ግን ከ18 በኋላም ይሞላል፣ ሰርተፍኬቱም ጊዜው አያልፍበትም።

ልዩነቱን በተመለከተ፣ እዚህ የተወለደው ታናሿ በ1868 በጸደቀው 14ኛው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ የትውልድ ዜጋ ነው። እሷ ናቹራላይዝድ ናት። ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንት መሆን አትችልም፤ ውጭ አገር የተወለደው ተዋናይ ሽዋርዘኔገር የካሊፎርኒያ ገዢ ሆኖ ከዚያ ያላለፈው በዚሁ ነው። 7 ዓመት በዜግነት ስትቆይ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ በ9 ዓመት ለሴኔት መወዳደር ትችላለች። ሰው የሚጨነቀው ስለ ፕሬዚዳንትነቱ ነው፤ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። አባቷ ዲቪ ሲሞላ ትዳር ወይም ልጅ ደብቆ ከነበረና ፍርድ ቤት በዚያ ዜግነቱን ከሰረዘ፣ በእሱ ላይ የተንጠለጠለው የእሷም አብሮ ሊሄድ ይችላል። የታናሿን ግን አይነካውም። እንዲህ ያለ ነገር ካለ ከመሐላው በፊት ጠበቃ ጋ ሂዱ።

ሠርጉን በተመለከተ ደግሞ፣ በመሐላው ዕለት ግሪን ካርዱን ይረከቡታል። የአሜሪካ ፓስፖርት ሳይዝ ከወጣ መመለሻ የለውም። የኢትዮጵያ ዜግነቱም ስለሚቀር በድሮው ፓስፖርት እገባለሁ እንዳይል፤ ቪዛ ወይም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያስፈልገዋል። ጉዞው በ14 ቀን ውስጥ ከሆነ ፓስፖርት ኤጀንሲ ደውሎ የአስቸኳይ ቀጠሮ ይያዝ።