መልስ፦ ኮሶ የአትክልትና የከሰል መርዝ ያወጣል?

እህቴ፣ አቃቂ ወንዝ ዳር የሚበቅል ሰላጣና ቆስጣ ስለምትበሉ፣ ቤት ውስጥም ከሰል ስለምታነዱ፣ መርዙን ለማጠብ በየሁለት ወሩ ኮሶ መጠጣት ይጠቅም እንደሆነ ጠይቀሻል። አይጠቅምም። ኮሶ ከጥሬ ሥጋ የሚመጣውን ትል ከአንጀት ያስለቅቃል እንጂ ደም ውስጥ የገባውን አያወጣም፤ ሲበዛ ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። እባክሽ ለልጆች በፍጹም አትስጪ። ደም የማጣራቱ ሥራ የጉበትና የኩላሊት ነው።

ቅጠሉን አንድ በአንድ ነጥለሽ በሚፈስ የቧንቧ ውሃ ብታጥቢው ጭቃውና የወስፋት እንቁላሉ ይቀንሳል። የፋብሪካ ፍሳሽ ይዞት የሚመጣው እርሳስና ካድሚየም የተባለው መርዛማ ማዕድን ግን በሥሩ ገብቶ ቅጠሉ ውስጥ ስለሚቀመጥ አቼቶም ሎሚም አያወጣውም። ያለው መላ በንጹሕ ውሃ የለማ መግዛት ነው። ካጣሽ ከቅጠላ ቅጠሉ ይልቅ ቲማቲምና ቃሪያ ይሻላሉ፤ ብዙውን ጊዜ የሚይዙት ያነሰ ነው። ብረትና ካልሲየም ያነሰው ልጅ እርሳስን አብልጦ ስለሚመጥ ምስርና ወተት አይጉደልበት።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከሰሉ ነው። የቀላ ፍም ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ደጅ አቀጣጥዪው፣ ሲገባ በርና መስኮት ይከፈት፣ ስትተኙ ማንደጃው ውጭ ይደር። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ ሁላችሁም ወዲያው ውጡና ኦክስጅን ወዳለበት ሆስፒታል ሂዱ፤ ወተት ማርከሻው አይደለም።