ውሃ የገደላት ቤጎንያ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነኝ። በረንዳዬ ላይ ጀሪካን ቆርጬ ያንጠለጠልኳት ቀይ ቤጎንያ ነበረችኝ፣ ግንቦት ላይ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያት ነበር፣ ነሐሴ ሲገባ ግን ጠወለገችብኝ፣ ውሃ ጠምቷት መስሎኝ ጠዋት ማታ አጠጣኋት፣ ግንዷ ከታች ጠቁሮ ለሰለሰ። አምና መደብ ላይ የተከልኳቸው ደግሞ ኅዳር ላይ በአንድ ሌሊት እንደተቀቀለ ጎመን ሆነው አደሩ። ቤጎንያ ለደሴ አይሆንም ማለት ነው?

መልስ፦ ይሆናል እህቴ፣ ተስፋ እንዳትቆርጪ። የጀሪካኗን የገደላት ውሃ ነው። የቤጎንያ ግንድ ሰበር ብታደርጊው ውስጡ ውሃ ነው፣ ጥማት ትንሽ ትችላለች፣ የማትችለው ስሯ ጭቃ ውስጥ ተዘፍቆ መዋልን ነው። አፈሩ ሲጨቀይ ስሩ አየር ያጣና ይበሰብሳል፣ የበሰበሰ ስር ደግሞ ውሃ አይስብም፣ ለዛ ነው አፈሩ ርሶ እያለ ቅጠሏ የሚጠወልገው፣ ሰው ግን ጠማት ብሎ ይጨምርባታል። እኔም በዚሁ ሦስት አጥቻለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ደሴ ደግሞ ነሐሴ ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሲውል አፈር ቶሎ አይደርቅም።

ስለዚ ከማጠጣትሽ በፊት ጣትሽን እስከ አንደኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቺ፣ ከቀዘቀዘሽና አፈሩ ከተጣበቀብሽ ተያት። የተንጠለጠለችውን ከስር በመዳፍሽ ከፍ አድርገሽ መዝኛት፣ የጠጣች ትከብዳለች የደረቀች ትቀላለች፣ በሳምንት ውስጥ እጅሽ ይለምደዋል። ጀሪካኑን በጋለ ሚስማር አምስት ስድስት ቦታ ብሺው፣ አንድ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ በአፈር ይደፈናል። ከታች ጠጠር አድርጉ የሚባለውን አልመክርም፣ ውሃው ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር ውስጥ ይጠራቀምና ለስሩ የባሰ ይቀርባል። ዋልካ አፈር ብቻውን አይሆንም፣ አሸዋና በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅይበት፣ ትኩስ ፍግ ስር ያቃጥላል። ደሞ እባክሽ ክረምት ላይ ከቆርቆሮው ጠርዝ ወደ ውስጥ አስገቢያት፣ አንቺ ባታጠጪም ጠፈጠፉ ሲያጠጣት ያድራል።

የመደቦቹ ውርጭ ነው የመታቸው፣ ያ ውሃ የሞላው ግንድ በረዶ ሲይዘው ይፈነዳል። ከጥቅምት እስከ ጥር ማታ ማታ ማዳበሪያ ከረጢት አልብሻቸው፣ ጠዋት ግለጪላቸው። ከዛ በፊት ግን መስከረም ላይ ከጤነኛዋ ጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከአንጓ ስር ቁረጪና የታችኛውን ቅጠልና አበባውን አንስተሽ ውሃ ባለበት ብርጭቆ መስኮት ጋ አስቀምጪ፣ በሁለት ሦስት ሳምንት ነጭ ስር ታወጣለች፣ እናትየዋን ውርጭ ቢወስዳት እንኳ ልጇ ቤት ውስጥ አለች። የዘንድሮዋንም ጫፏ ገና ጠንካራ ከሆነ ዛሬውኑ ቁረጪላት፣ ትተርፋለች።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ፣ ከኮምቦልቻ። የኔዋ ቅጠሏ ዳር ዳሩን እየደረቀ ነው፣ አበባዋም ሳይጠወልግ እየረገፈ ያሳዝነኛል።

መልስ፦ ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል ውርጩ ብዙም አያሰጋዎትም፣ እርስዎን ያስቸገረዎት የከሰዓት ፀሐይ ነው። የጠዋት ፀሐይ እስከ ሦስት አራት ሰዓት ታግኝ፣ ከዛ በኋላ ጥላ ይሁንላት፣ ግድግዳ ስር ከሆነች ያንሷት፣ ግድግዳው ራሱ የያዘውን ሙቀት ይለቅባታል። የረገፈውን አበባ ደግሞ አንስተው ጀርባውን ይዩልኝ። ቤጎንያ ወንዱም ሴቱም አበባ አንዷ ተክል ላይ ነው የሚወጣው፣ ሴቷ ከአበባው ጀርባ ሦስት ክንፍ ያለው የዘር ቋት አላት፣ ወንዱ የለውም። የወደቁት ክንፍ የሌላቸው ከሆኑ ሥራቸውን ጨርሰው ነው የረገፉት፣ ተክሏ ምንም አልሆነችም።