አራት ፈረስ በአንድ ቲኬት፣ የእቁብ ብር እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ማርች ሲቃረብ የመልእክት ሳጥኔ በቼልተንሃም ይሞላል። ለማያውቅ፦ እንግሊዝ አገር፣ ግሎስተርሸር ውስጥ፣ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ የሚካሄድ የመሰናክል ፈረስ ውድድር ነው።

የለንደን አንባቢ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ልትሄድ ነው። ከፈረሱ ስም ጎን የተደረደሩት ቁጥሮችና ፊደሎች ግራ አጋብተዋታል።

ያለፉት ውድድሮች ውጤት ናቸው፤ የቅርቡ በስተቀኝ ያለው ነው። 1 ካየሽ አሸንፏል። «ኤፍ» ወድቋል፣ «ዩ» ጋላቢውን ጥሏል፣ «ፒ» ደግሞ ጋላቢው ራሱ አስቁሞታል። እኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ዳገቱን አያለሁ። ቼልተንሃም ላይ የመጨረሻው መሰናክል ከታለፈ በኋላ የሚጠብቀው አቀበት ነው። ሲመራ የቆየው ፈረስ እዚያ እግሩ ይተሳሰራል፣ ከኋላ የመጣው ያልፈዋል። ስለዚህ ያንን ዳገት ከዚህ በፊት በደንብ የጨረሰ ፈረስ ፈልጊ። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ጭቃ ላይ ሮጦ ያውቅ እንደሆነ እዪ። አንድ ነገር ልጨምር፦ «5 ፓውንድ ኢች ዌይ» ካልሽ የምትከፍዪው 10 ነው። ግማሹ ለማሸነፍ፣ ግማሹ ደረጃ ውስጥ ለመግባት ነው።

በስሙ ብመርጥስ?

ምረጥ። እኛም ንጉሦቻችንን አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እያልን በፈረሳቸው ስም ስንጠራ ኖረናል። እ.ኤ.አ. በ2025 የቼልተንሃምን ትልቁን ውድድር፣ ጎልድ ካፕን የወሰደው ኢኖዘዌይዩርቲንኪን ይባላል። ስሙ እንዲህ የተጨማደደው የፈረስ ስም በእንግሊዝኛ ከ18 ፊደል እንዳይበልጥ ስለተወሰነ ነው። ልክ 18 ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።

ካሸነፍኩ ግብር አለብኝ?

እንግሊዝ ውስጥ የለብህም። ዋሽንግተን ላለኸው፣ የሒሳብ ባለሙያህን ጠይቅ።

የአዲስ አበባው ወጣት በእግር ኳስ ሁሌ «አንድ ጨዋታ ነው የሚያስበላኝ» ይላል። አሁን አራት ጉልበተኛ ፈረሶች በአንድ ቲኬት ሊቆርጥ ነው፤ አንዱ ከተሸነፈ ቲኬቱ ተበላ ማለት ነው።

ወንድሜ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ማክሰኞ ዕለት ብዙ ሰው ያንተኑ ሐሳብ አስቦ ነበር። የአሠልጣኝ ዊሊ ሙሊንስ ሦስት ፈረሶች ተራ በተራ አሸነፉ። አራተኛዋ አኒ ፓወር ነበረች። እየመራች መጥታ የመጨረሻው መሰናክል ላይ ወደቀች። የስንቱ ቲኬት እዚያው ሣሩ ላይ ቀረ። እዚያው ቼልተንሃም በሚሮጠው የ2025ቱ ቻምፒዮን ኸርድል ደግሞ ሁሉም የተማመነበት ኮንስቲትዩሽን ሂል ወደቀ፤ ከዚያ ሲመራ የነበረው ስቴት ማንም የመጨረሻው መሰናክል ላይ ወደቀ። ያሸነፈችው 25 ለ1 የተሰጣት ጎልደን ኤስ ናት።

መውደቁን እንኳ እንተወው። ሒሳቡን እይ። እያንዳንዱ ፈረስ ግማሽ በግማሽ ዕድል አለው እንበል። ትክክለኛው ኦድ፣ ማለትም ብርህ የሚባዛበት ቁጥር፣ 2 መሆን አለበት፤ ቤቲንግ ቤቱ ግን 1.8 ይሰጥሃል። በአንድ ፈረስ 100 ብር ብትቆርጥ 200 ሊሆን የሚገባው 180 ይሆናል። ብዙም አያምም። አራቱን ስታባዛ ግን 1,600 የሚገባው ቲኬት 1,050 አካባቢ ብቻ ይከፍላል። ከመቶ አሥር የነበረው የቤቱ ድርሻ ከሠላሳ በላይ ሆነ ማለት ነው። አንድ ጨዋታ አይደለም የሚያስበላህ፣ ማባዛቱ ነው። ደስ ያለህን አንድ ፈረስ ያዝ፤ ሲሮጥ እያየህ ጩህ።

አንድ የእቁብ ሰብሳቢ ብሩ እጁ ላይ ነው፤ ዕጣው ቅዳሜ ይወጣል። «ማክሰኞ አስይዤ ዓርብ ብመልሰውስ?» ይላል።

አይሆንም። ፈረስም አልመርጥልህም። ብሩን ዛሬውኑ ለጸሐፊው ወይም ለሌላ ለምታምነው አባል አስረክብ፣ ምክንያቱን በኋላ ትነግረዋለህ። «እመልሰዋለሁ» የሚለውን ቃል ስትጽፍ ከዚህ በፊትም እንዳልከው ገምቻለሁ። ከተሳሳትኩ ይቅርታ። የምትኖረው እንግሊዝ ስለሆነ ጋምስቶፕ በሚባለው ራስን ከቁማር ማገጃ አገልግሎት ተመዝገብ፤ ነጻ ነው፣ ፈቃድ ካላቸው የኢንተርኔት ቤቲንግ ቤቶች ሁሉ ቢያንስ ለስድስት ወር ያግድሃል። ከዚያ የቤተሰብ ሐኪምህ ጋ ቀጠሮ ያዝ። መንግሥት ለዚሁ ያቋቋማቸው ክሊኒኮች አሉ፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ትችላለህ። ይሄን ለወጉ ያህል እያልኩህ አይደለም። ቀጠሮውን ስትይዝ ጻፍልኝ።

ምን ልልበስ?

ካፖርትና ውኃ የማያስገባ ጫማ። ያማረውን ባርኔጣ ለሰኔው የአስኮት ፈረስ ውድድር አቆዪው።