በታጣፊ ብስክሌት ሥራ መመላለስ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ለሁላችሁ። ለንደን ነው የምኖረው። ከቤት እስከ ጣቢያ በብስክሌት እሄዳለሁ፣ አጥፌው ባቡር እገባለሁ፣ ስወርድ ዘርግቼው ሥራዬ በር ድረስ እነዳለሁ። ለዓመታት እንዲህ ነው የምመላለሰው። ታጣፊ ብስክሌት ለመግዛት ያሰባችሁ ብዙ ስለጠየቃችሁኝ ዛሬ አንድ ላይ ልመልስ። ደንቡን የምነግራችሁ የለንደኑን ነው።

ጥያቄ፦ ደህና ብስክሌት አለኝ። እሱኑ ይዤ ባቡር ብገባስ?

በሥራ ሰዓት አይሆንልህም። የማይታጠፍ ብስክሌት እንደ ቪክቶሪያ ባሉ ጥልቅ ዋሻ ውስጥ ብቻ በሚሄዱ የምድር ውስጥ ባቡር መስመሮች ጨርሶ አይገባም። ሰርክል፣ ዲስትሪክት፣ ሀመርስሚዝ ኤንድ ሲቲና ሜትሮፖሊታን መስመሮች ይፈቅዳሉ፤ ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ በዚህ አገር ሰዓት ከጠዋቱ 7፡30 እስከ 9፡30 እና ከሰዓት በኋላ ከ4፡00 እስከ 7፡00 ክልክል ነው። ሰው ሥራ የሚሄደውና የሚመለሰው ደግሞ ያኔ ነው። የታጠፈ ከሆነ በሁሉም መስመር፣ በማንኛውም ሰዓት፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይገባል።

ጥያቄ፦ አውቶቡስስ?

ታጥፎ ይገባል፤ ግን ውሳኔው የሹፌሩ ነው። አይሆንም ካለ አትከራከሩ። የዊልቸርና የሕፃን ጋሪ ቦታ ላይ ካስቀመጣችሁት፣ ባለቦታው ሲመጣ ወዲያው ማንሳት ነው። አንድ ዘዴ ልንገራችሁ፤ ቀለል ያለ የጨርቅ ሽፋን ግዙ። ተሸፍኖ ሲታይ እንደ ሻንጣ ነው የሚቆጠረው፣ የሰው ልብስም አይነካም።

ጥያቄ፦ ብሮምፕተን የሚባለው ታጣፊ ብስክሌት ውድ ነው። ባለ 20 ኢንች ጎማ ርካሽ አግኝቻለሁ፣ ማርሹም ብዙ ነው። የቱን ልግዛ?

ከሁሉም በላይ የሚደርሰኝ ጥያቄ ይሄ ነው። ሁሉም ስለ ፍጥነትና ስለ ማርሽ ይጠይቃል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ሲታጠፍ ምን ያህል እንደሚሆን ነው። ለባቡር የሚገዛ ብስክሌት የሚመረጠው በአነዳዱ ሳይሆን በአያያዙ ነው። በረጅም መንገድ ላይ ምቹ የሆነው ብስክሌት፣ ደረጃ ላይ ክንድ የሚገነጥል ከሆነ በሁለተኛው ሳምንት ጋራዥ ውስጥ ይቀራል።

ብሮምፕተን ታጥፎ 58 በ56 በ27 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ተራው የብረት ሞዴል ከ11 እስከ 12 ኪሎ ይመዝናል። ጎማው ባለ 16 ኢንች ነው። አንድሩ ሪቺ የተባለ መሐንዲስ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ አጋማሽ ለንደን፣ ሳውዝ ኬንሲንግተን አፓርታማው ውስጥ ሆኖ ነው የሠራው። ስሙን ያገኘው ከመስኮቱ ከሚታየው ብሮምፕተን ኦራቶሪ ቤተ ክርስቲያን ነው። አሁንም የሚመረተው እዚሁ ምዕራብ ለንደን፣ ግሪንፎርድ ነው።

የምወድለት ነገር አለ። የኋላው ጎማ ወደ ሥር ይገለበጣል፣ የፊተኛው ከጎን ይጠጋል፣ ካቴናው በሁለቱ ጎማዎች መካከል ተደብቆ ይቀራል። እሑድ ነጠላ ለብሳችሁ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ ግሪስ አይነካችሁም። በመጨረሻ ኮርቻው ወደ ታች ሲወርድ ሁሉንም ይቆልፈዋል። እስከ ታች ካልወረደ ግን ስታነሱት ይዘረጋል፤ ይህን ልብ በሉ።

ዳሆንና ተርን የሚሠሯቸው ባለ 20 ኢንቾቹ መጥፎ አይደሉም። በተቦረቦረ መንገድ ይሻላሉ፣ በዋጋም ብዙዎቹ ይቀንሳሉ። ታጥፈው ግን ሰፊ ናቸው። መንገድህ ረጅም፣ ባቡርህ ባዶ ከሆነ ግዛው። ሴንትራል መስመር ላይ በጠዋት የምትጋፋ ከሆነ ይቅርብህ።

ጥያቄ፦ ሦስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፣ ሊፍት የለም። እችለው ይሆን?

እህቴ፣ ሳትገዢ በፊት ሱቁ ውስጥ አጥፈሽ ደረጃ ላይ ይዘሽው ውጪ። ቦርሳሽንም ጨምረሽ። የታይታኒየሙ ሞዴል ወደ 7 ኪሎ ተኩል ይወርዳል፤ ዋጋው ግን የትየለሌ ነው።

ጥያቄ፦ በአንዴ የምከፍለው ገንዘብ የለኝም።

መሥሪያ ቤትህ «ሳይክል ቱ ወርክ» እንዳለው ጠይቅ። በፈረንጆቹ 1999 የተጀመረ ነው። አሠሪው ብስክሌቱን ይገዛል፣ አንተ በየወሩ ከደመወዝህ ይቆረጥብሃል። የሚቆረጠው ከታክስ በፊት ስለሆነ ይቀልልሃል። ሁለት ነገር እወቅ፤ በግሉ የሚሠራ ሰው፣ ለምሳሌ ባለ ታክሲ፣ አይመለከተውም። ተቆርጦ የሚቀርህ ደመወዝ ከዝቅተኛው የሕግ ወለል በታች ከወረደም አይፈቀድም። በሰዓት ዝቅተኛውን የሚከፈላቸው ብዙ ወገኖቻችን የሚከለከሉት በዚህ ነው። ያገለገለ ብሮምፕተን መፈለግ ይሻላቸዋል። ሲገዙ ማጠፊያው ላይ ስንጥቅ እንዳለ በደንብ ይዩ፣ የብስክሌቱን መለያ ቁጥር ምዝገባም ይጠይቁ፤ የተሰረቀ ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪኩስ?

በ2025 ፌብሩዋሪ ሬይነርስ ሌን ጣቢያ ላይ አንድ የኤሌክትሪክ ብስክሌት በእሳት ተያያዘ። ከዚያ በኋላ፣ ከማርች 31፣ 2025 ጀምሮ የማይታጠፍ የኤሌክትሪክ ብስክሌት በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር፣ በኦቨርግራውንድ፣ በኤልዛቤት መስመርና በዲኤልአር ባቡሮች ተከልክሏል። ታጣፊው አሁንም ይገባል። ክብደቱ ግን ወደ 17 ኪሎ ይጠጋል። በኢንተርኔት የሚሸጥ ባትሪና ሞተር ገዝቶ በተራ ብስክሌት ላይ መግጠም ግን አልመክርም። ልጆች ተኝተው ባሉበት ኮሪደር ውስጥ ቻርጅ የሚደረገው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ጎማ ቢተነፍስብኝ መንገድ ላይ ምን አደርጋለሁ?

የፊተኛው ቀላል ነው። የኋላው ነው ጣጣው። ባለ 15 ሚሊ ሜትር መፍቻ ያስፈልጋችኋል፤ ዳዶዎቹ የሚፈቱት በሱ ነው። የማርሹን ሰንሰለትና የካቴናውን መወጠሪያ መጀመሪያ ማላቀቅ አለባችሁ። ቤት ውስጥ፣ በብርሃን፣ አንዴ ሞክሩት። ከለመዳሪያ ስትገዙ «16 ኢንች» ብቻ አትበሉ፤ የብሮምፕተኑ የቸርኬ ልክ 349 ሚሊ ሜትር ነው። ሌላ 16 ኢንችም አለና አይገጥምም። ከሁሉ የሚሻለው በየሳምንቱ ንፋስ መሙላት ነው። ትንሽ ጎማ ቶሎ ይለሰልሳል፣ ጉድጓድ ሲያገኝም ከለመዳሪያው በጎማውና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ ይቀደዳል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ልላክለት?

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ዳገቱም ይታወቃል። በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር የተሠራላቸው መንገዶች ላይ ደስ ይላል። ግን ከለመዳሪያውንና መለዋወጫውን እዚያ ማግኘት ይከብዳል፤ ከላክህ ከነመለዋወጫው ላክ። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ቢሆን ኖሮ ተራ ብስክሌት ይበቃዋል እልህ ነበር። ሜዳ ነው፣ የሚጠግንም ሞልቷል።

ጥያቄ፦ ምን ዓይነት ቁልፍ ልግዛ?

ውጭ የምትቆልፈው ከሆነ ታጣፊ መግዛትህ ምን ጠቀመህ? ይዘኸው ግባ። ሱቅም ቢሆን፣ ቢሮም ቢሆን። አሠሪህ እምቢ ካለ ከጠረጴዛህ ሥር እንደሚገባ አሳየው፤ ይገባል።